ጓዳ ያልገባው ሬዲዮ፦ ስለ ጭስና ጤና በአየር ሞገድ የተነገረውና ያልተነገረው

በደቡብ ጎንደር ዞን፣ በእስቴ ወረዳ፣ በመካነ ኢየሱስ ከተማ ዙሪያ ባሉት የገጠር ቀበሌዎች የቤት እሳት ከማብሰል ያለፈ ሥራ አለው። ከጉና ተራራ አቅጣጫ የሚመጣው የደጋ ብርድ በኅዳርና በታኅሣሥ ሲበረታ ቤተሰቡ የሚሰበሰበው በጉልቻው ዙሪያ ነው። ጭሱም ቢሆን እንዲሁ ሲጠላ የኖረ ነገር አይደለም። የሣር ክዳኑንና ማገሩን ከተባይ ይጠብቃል፤ ከላይ የተሰቀለውን ዘር ያደርቃል፤ የወተት ዕቃና የጠላ ጋን በወይራ ይታጠናል፤ ሴቶች ወይባ ይሞቃሉ፤ ቡና ያለ ዕጣን አይፈላም። ለእንዲህ ያለው ቤተሰብ «ጭስ በሽታ ያመጣል» ብሎ መንገር አጭር መልእክት ይምሰል እንጂ ከአንድ ሙሉ የአኗኗር ሥርዓት ጋር መከራከር ነው።

ጉዳቱ ግን የማያከራክር ሆኗል። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው በ2020 እ.ኤ.አ. ብቻ በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ሳቢያ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል፤ ከእነዚህም ውስጥ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው። ድርጅቱ በ2021 እ.ኤ.አ. ባሻሻለው መመሪያ በ24 ሰዓት ውስጥ ሊተነፈስ የሚገባው ደቂቅ ብናኝ በሜትር ኪዩብ ከ15 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ሲመክር፣ እንጨትና ኩበት በሚነድበት መስኮት አልባ ማዕድ ቤት ውስጥ የሚለካው መጠን በመቶዎች የሚቆጠር ነው። የሳንባ ምች፣ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም፣ የልብና የደም ሥር በሽታ፣ የዓይን ሞራ፣ ዝቅተኛ የልደት ክብደት ሁሉ ከዚህ ጭስ ጋር ይያያዛሉ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም በቤት ውስጥ የሚነድ የእንጨትና የመሳሰለው ጭስ ካንሰር የማምጣት ዕድሉ ከፍተኛ ነው ሲል መድቦታል።

ይህ እውቀት በሐኪሞች መጽሐፍ ከሰፈረ ቆይቷል። ጥያቄው ምጣዱ አጠገብ ለተቀመጠችው ሴት በምን መንገድ ደረሰ የሚለው ነው። ማንበብ የማይችል ሕዝብ በሚበዛበት አገር ለዚህ ሥራ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚታሰበው ሬዲዮ ነበር። ሬዲዮ በኢትዮጵያ ስለ ጤና ብዙ ተናግሯል፤ ስለ ጭስ ግን ዘግይቶ፣ ጥቂት፣ ያውም ብዙ ጊዜ ለማይመለከተው ጆሮ ተናግሯል።

ሬዲዮ ከመምጣቱ በፊት አገሪቱን የመታው ታላቅ የመተንፈሻ አካላት ወረርሽኝ ከጭስ ጋር የተሳሰረ ትዝታ ትቶ አልፏል። በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ፣ ሕዝቡ «የኅዳር በሽታ» ያለው፣ በከተማዋ ብቻ ወደ አሥር ሺህ የሚጠጋ ሰው እንደ ፈጀ ይገመታል። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪም ታመው ድነዋል። በከተማዋ ከነበሩት ጥቂት ሐኪሞች የሞቱ ነበሩ፤ መቃብር ቆፋሪ ጠፍቶ አስከሬን የወደቀበት ጊዜ ነበር። በዚያ ዘመን መንግሥት ለሕዝብ የሚናገረው በአዋጅ ነጋሪ ነው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን የየቤቱ ጥራጊና ቆሻሻ በየደጁ ተሰብስቦ ይቃጠላል፤ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ልማድ ይህ ነው። ቆሻሻን ማስወገድ በራሱ የንጽሕና ጥበብ ነበር። ጭሱ ግን እንደ መድኃኒት ተቆጠረ፤ በሽታ በክፉ አየር ይመጣል፣ ክፉውን አየር ጭስ ያባርረዋል የሚለው እምነት በአውሮፓም በእስያም ለዘመናት የኖረ እንጂ የእኛ ብቻ አይደለም።

የኢትዮጵያ ሬዲዮ ሥራውን የጀመረው በ1935 እ.ኤ.አ. ከአቃቂ በተነሣ ሞገድ ነው። ወዲያውም የጣልያን ወረራ መጣ፤ ጣቢያው እንደገና በኢትዮጵያውያን እጅ መናገር የጀመረው ከ1941 እ.ኤ.አ. ድል በኋላ ነበር። ለብዙ ዓመታት ሬዲዮ የከተማና የባለሥልጣን ዕቃ ሆኖ ቆየ። ገጠሩን የከፈተው በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ትራንዚስተር ነው። የካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መርቀው የከፈቱት፣ የዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን ያቋቋመው የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ በዚህ ዘመን የመጣ ነው። ጣቢያው ከስርጭቱ ሰባ በመቶ ያህሉን ለዜና፣ ለትምህርትና ለልማት፣ ሠላሳ በመቶውን ለሃይማኖት መድቦ ይሠራ ነበር። (ከጣቢያው ጋር ስሙ አብሮ የሚነሣው የወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስና የእስቴዋ መካነ ኢየሱስ ከተማ በስም ብቻ እንደሚገናኙ መጥቀሱ ለአንባቢ ይጠቅም ይሆናል።) ጣቢያው መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. በደርግ ተወርሶ የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ተባለ።

ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ሬዲዮ ከጥቁር ሰሌዳው ጎን ቆመ። ዘመቻው በ1980 እ.ኤ.አ. የዩኔስኮን የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አስገኝቷል። በዘመቻው ውስጥ ከጤና አኳያ ትኩረት የሚስበው መልእክቱ ብቻ አልነበረም። ሬዲዮው ሲናገር አጠገቡ ሰው ነበረ፤ ጠመኔ የያዘ፣ የተባለውን የሚያስረዳ፣ ያልገባውን የሚጠይቅ። ይህ ቀላል የሚመስል ነገር በዓለም የሬዲዮ ታሪክ ውስጥ ከማሠራጫው ኃይል የበለጠ ዋጋ ያለው ሆኖ ተገኝቷል። ለዚህም ማስረጃው በዋነኝነት የሚገኘው ስፓንኛ ከሚናገረው ዓለም ነው።

በ1947 እ.ኤ.አ. በኮሎምቢያ ተራሮች፣ ሱታቴንሳ በምትባል ትንሽ መንደር፣ ሆሴ ሆአኪን ሳልሴዶ የተባሉ ወጣት ካህን አነስተኛ ማሠራጫ ተከሉ። ሬዲዮ ሱታቴንሳ ከዚያ አድጎ ለገበሬው ማንበብን፣ ሒሳብን፣ እርሻንና ጤናን በስፓንኛ የሚያስተምር ታላቅ የገጠር ትምህርት ቤት ሆነ። ለገበሬው ይታደል የነበረው መቀበያ የዚያን ጣቢያ ሞገድ ብቻ የሚይዝ ነበር። በየመንደሩም ከጎረቤት የተመረጠ አንድ ረዳት ቤተሰቡን ሰብስቦ፣ ሬዲዮውን ከፍቶ፣ ትምህርቱን አብሮ ይከታተል ነበር። ድምፁ ከሩቅ ይመጣል፤ ሥራው የሚሠራው ግን በጎረቤት ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ከቴአትር መጣ። በ1969 እ.ኤ.አ. በፔሩ የታየ አንድ ተከታታይ ድራማ፣ በሰው ቤት የምትሠራ ድኻ ልጅ ስፌት ተምራ ራሷን ስትችል አሳየ፤ ድራማው በታየባቸው አገሮች የስፌት መኪና ሽያጭ ጨመረ። ይህን ያስተዋለው የሜክሲኮው ሚጌል ሳቢዶ፣ ተመልካች ከስብከት ይልቅ እንደ እርሱ ያለ ሰው ቀስ በቀስ ሲለወጥ ሲያይ እንደሚማር ተረድቶ ድራማን ለጤና ትምህርት የሚያውል ዘዴ ቀመረ። በ1977 እ.ኤ.አ. የጀመረው የቤተሰብ ምጣኔ ድራማው በብዙ አገሮች ተኮረጀ።

ያ ዘዴ በፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር አማካይነት ኢትዮጵያ ደረሰ። ከግንቦት 1994 እስከ ኅዳር 1997 ዓ.ም. በአማርኛ በ257 ክፍሎች የተላለፈው «የቀን ቅኝት» የሬዲዮ ድራማ የብዙዎችን ጆሮ ያዘ፤ ከአድማጮች የተላከው ደብዳቤ በሺዎች የሚቆጠር ነበር። በዚያው ዘመን በኦሮምኛ የቀረበ ድራማም ነበር። የድራማዎቹ ዋና ጉዳይ የቤተሰብ ምጣኔ፣ ኤች.አይ.ቪ. ኤድስና የሴቶች መብት ነው። ስለ ውጤቱ የተሰጡት አኃዞች ያከራክራሉ፤ በዚያው ጊዜ ጤና ጣቢያዎችና የእርግዝና መከላከያ አቅርቦት ስለ ሰፉ ለውጡን ሁሉ ለድራማው መስጠት አይቻልም። ቢሆንም ዘመናዊ የእርግዝና መከላከያ የምትፈልግ ሴት ሬዲዮ ሰምታ ጤና ጣቢያ ብትሄድ የምታገኘው ነገር ነበር። ስለ ጭስ የሰማችው ሴት ግን የት ትሂድ? ጤና ጣቢያ ምድጃ አይሰጥም።

የአየር ብክለትን በሬዲዮ የማስተማር ሥራ በግልጽ የሚታየው በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት በሳን ሆአኪን ሸለቆ ነው። ሸለቆው በተራሮች የተከበበ በመሆኑ የመኪናው፣ የእርሻው አቧራና የሰደድ እሳቱ ጭስ ታፍኖ ይቀራል፤ አየሩ በአሜሪካ ከሁሉ ከከፉት አንዱ ነው። በማሳው ላይ የሚውለው ሠራተኛ አብዛኛው ከሜክሲኮ የመጣ ወይም ከዚያ የተወለደ ነው። በፍሬዝኖ ከተማ በ1980 እ.ኤ.አ. ስርጭት የጀመረው ሬዲዮ ቢሊንግዌ የተመሠረተው ከሚክስቴክ ተወላጅ የእርሻ ሠራተኞች ቤተሰብ ወጥቶ ሕግ በተማረው በሁጎ ሞራሌስ አነሳሽነት ነው። ጣቢያው በስፓንኛ ስለ ጤና፣ ስለ ሥራ መብትና ስለ አካባቢ ይናገራል፤ ስፓንኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ለሆነ ሰዎችም በሚክስቴክ ቋንቋ ዝግጅት አለው። የዚህ ጥቅም የታየው አደጋ ሲመጣ ነው። በታኅሣሥ 2017 እ.ኤ.አ. በደቡብ ካሊፎርኒያ ቬንቱራ አካባቢ የተነሣው የቶማስ ሰደድ እሳት ሰማዩን በጭስ ሲሸፍነው፣ በእንግሊዝኛ የወጣው የመንግሥት ማስጠንቀቂያ እንጆሪ ለቃሚዎቹ ዘንድ በቋንቋቸው በጊዜ አልደረሰም፤ የግዛቱ ኦዲተር በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ይህንኑ ጉድለት ነቅፏል። ክፍተቱን ለመሙላት የሞከሩት የማኅበረሰቡ ድርጅቶችና ትናንሽ ጣቢያዎች ናቸው።

ለእስቴ ሴት ቋንቋው ችግር አይደለም። ከባሕር ዳር የሚተላለፈው የአማራ ሬዲዮ የሚናገረው የእርሷኑ አማርኛ ነው። ችግሩ ያለው በቤቱ ውስጥ ነው። በብዙ የገጠር ቤት ሬዲዮ የአባወራው ንብረት ነው፤ ከምሰሶው ላይ ይንጠለጠላል ወይም ከብት ሲጠብቅና ገበያ ሲወርድ አብሮት ይሄዳል፤ ባትሪ ድንጋይ የሚገዛውም እርሱ ነው። ዜናና ውይይት በሚተላለፍበት ምሽት ሴቲቱ ጓዳ ናት፤ እርጥብ እንጨት እፍ እያለች፣ ሕፃን በጀርባዋ አዝላ። ስለ ጭስ የሚነገረውን የሚሰማው ጭሱን እምብዛም የማይተነፍሰው ሰው ነው ማለት ነው። የ2016 እ.ኤ.አ. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው በአገሪቱ ከሴቶች 74 በመቶ የሚሆኑት በሳምንት አንድ ጊዜ እንኳ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንም ሆነ ጋዜጣ አያገኙም። ሬዲዮ ያለው ቤተሰብም በ2011 እ.ኤ.አ. ከነበረበት 41 በመቶ በ2016 እ.ኤ.አ. ወደ 28 በመቶ ወርዷል። የእጅ ስልክ የሬዲዮን ቦታ መውሰዱ ለዚህ አንዱ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም፤ ይሁን እንጂ ስልኩም በመጀመሪያ የሚገባው ባልየው ኪስ ነው።

ጓዳ ድረስ የገባ መልእክተኛ የመጣው በ2003 እ.ኤ.አ. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ሲጀመር ነው። አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቁና የአንድ ዓመት ሥልጠና የወሰዱ ሴቶች በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ፤ በመጀመሪያ ከተዘጋጁት 16 ፓኬጆች ውስጥ የቤትን ንጽሕናና ጤናማ አያያዝ የሚመለከተው ይገኝበታል። ማዕድ ቤትን ከመኖሪያ ቤት መለየት፣ መስኮት መክፈት፣ ከብትን ከሰው ማደሪያ ማስወጣት በዚህ ሥር ይወድቃሉ። እስቴ ለእንዲህ ያለው ሥራ እንግዳ አልነበረችም። ከ2000ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ በክልሉ ጤና ቢሮና በካርተር ሴንተር ትብብር ትራኮማን ለመከላከል ሥራ ከተጀመረባቸው ወረዳዎች አንዷ ናት። ፊትን መታጠብና መጸዳጃ ቤት መቆፈር በትምህርት ቤትና በመንደር ሰው አፍ ሲነገር ሰንብቷል። ጭስ ዓይን እንደሚያቃጥል ለማንም ሴት አይነገራትም፤ ታውቀዋለች። ሕፃኑ ትንፋሽ ሲያጥረውና የጎድን አጥንቱ ወደ ውስጥ ሲገባ ከዚያው ጭስ ጋር ማያያዝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይህን ማያያዣ የሚያበጀው ከጤና ኬላ የሚመጣው ሰው ነው።

ስለ ምድጃው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ለእንጀራ መጋገሪያ የሚሆነው «ምርጥ» ምድጃ በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በአገር ውስጥ የተሠራ ሲሆን ከሲሚንቶና ከአሸዋ በቅርጽ ይጣላል፤ ከባለ ሦስት ጉልቻው ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ግማሽ ያህል ይቆጥባል። ምድጃው የተወለደው ከጤና ቢሮ ሳይሆን ከኢነርጂና ከደን ጥበቃ ሥራ በመሆኑ የመጀመሪያ መልእክቱ የማገዶ ቁጠባ ነበር። ይህ ስሕተት አልነበረም። ደኑ ተመናምኖ ባሕር ዛፍና ኩበት በቀረበት በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ደጋ፣ የማገዶ ነገር ሴቶችን ከሳንባ ነገር በፊት ያሳስባቸዋል። ኩበት ሲነድ ደግሞ ከእንጨት የባሰ ጭስ ይወጣዋል፤ ማሳውም ማዳበሪያውን ያጣል። የቆርቆሮ ክዳን እየተስፋፋ መምጣቱም ሳይታሰብ የራሱን ጣጣ አምጥቷል፤ የሣር ክዳን ጭሱን በየቀዳዳው ያስተነፍሰው ነበር፣ ቆርቆሮ ግን መውጫ ካልተተወለት አፍኖ ይይዘዋል።

የጤና ባለሙያ ለሕዝብ ሲናገር መጠንቀቅ ያለበት ግን እዚህ ላይ ነው። የተሻሻለ ምድጃ ጭስን ይቀንሳል፤ የሕፃናትን የሳንባ ምች ይቀንሳል ማለት ግን አይደለም። በጓቲማላ ደጋ፣ በሳን ማርኮስ፣ ከ500 በላይ ቤተሰቦች የተሳተፉበትና በ2011 እ.ኤ.አ. በላንሴት መጽሔት የታተመው ጥናት ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ ለካርቦን ሞኖክሳይድ መጋለጥን በግማሽ ቢቀንስም፣ በሐኪም የተረጋገጠ የሳንባ ምች በጠቅላላው በስታቲስቲክስ አሳማኝ በሆነ መጠን አልቀነሰም፤ ጉልህ ቅነሳ የታየው ኦክስጅን በሚያሳጣው ብርቱ የሳንባ ምች ላይ ነው። በማላዊ የተደረገውና በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመው ትልቅ ጥናት ልዩነት አላገኘም። በራሳችን በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንጀራ ምድጃን ፈትሾ በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ጥናትም በሕፃናት የመተንፈሻ አካላት ኢንፌክሽን ላይ አሳማኝ ቅነሳ አላሳየም። ምድጃው ተሻሽሎ ወጥና ቡና በዚያው በጉልቻ ላይ ሲሠሩ፣ የጎረቤትም ጭስ ሲገባ፣ የሚተነፈሰው አየር አሁንም ከመመሪያው ብዙ እጥፍ በላይ ነው። «ይህን ምድጃ ብትገዙ ልጃችሁ አይታመምም» የሚል የሬዲዮ መልእክት፣ ልጁ በሚቀጥለው ክረምት ሲታመም የጤና ባለሙያውን ቃል ያረክሰዋል። የማገዶ ሸክም መቅለሉን፣ የእናቲቱ ዓይን ማረፉን፣ ሕፃናት እሳት ላይ የመውደቃቸው አደጋ መቀነሱን መናገር ግን ይቻላል፤ እነዚህን እርሷ ራሷ በሳምንቱ ታያቸዋለች። ከሁሉም በላይ ትንፋሹ የፈጠነ ሕፃን ሳይውል ሳያድር ጤና ኬላ እንዲመጣ መናገር ምድጃ አይጠይቅም።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል በተከሠተው ግጭት የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲቋረጥና የጤና ሠራተኛው መንገድ ሲጠብ ሬዲዮ እንደገና ብቸኛ ድምፅ የሆነበት አካባቢ ብዙ ነው። በአዲስ አበባ በበኩሉ አየሩን የሚለካ መሣሪያ ከ2016 እ.ኤ.አ. አንሥቶ በአሜሪካ ኤምባሲ ይሠራ ነበር፤ መረጃውን ለሕዝብ ማካፈሉ በመጋቢት 2025 እ.ኤ.አ. ተቋርጧል። እስቴ እንዲህ ያለ መለኪያ ኖሯት አያውቅም።

ኅዳር 12 በተቃረበ ቁጥር የአዲስ አበባ የአካባቢ ጥበቃና የጤና ኃላፊዎች በመገናኛ ብዙኃን ቀርበው ቆሻሻን ከማቃጠል ይልቅ ለይቶ ማስወገድ እንደሚገባ፣ ፕላስቲክ ሲቃጠል መርዛማ ጭስ እንደሚወጣ ያሳስባሉ። ይህ በአገራችን ስለ አየር ብክለት በየዓመቱ ቀን ቆርጦ የሚሰማ ዋነኛ መልእክት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ያ ዕለት ግን የኅዳር ሚካኤልም በዓል ነው። በእስቴ ገጠር ዋዜማውን ለዝክሩ እንጀራ ይጋገራል፤ ጠላው ይጠመቃል፤ ምጣዱ ከማለዳ እስከ ማታ አይወርድም። ሬዲዮ ያለው ቤት ከሆነ ስለ ከተማው ቆሻሻ ጭስ የሚነገረው ከወዲያኛው ክፍል ይሰማል።